አርባ ቀን ከወንዙ ወዲህ

"ወራጅ አለ!" አሉ አቶ አምባዬ።

ረዳቱ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ከሮቤ ከተነሱ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላቸውም፤ ሽማግሌው የከፈሉት የጎባ ነው፤ ግራና ቀኙ ደግሞ የስንዴ ማሳ እንጂ የሚወረድበት አንድ ቤት የለም።

"አባባ፣ ጎባ አልደረስንም እኮ።"

"ጎባ ደርሰናል አልኩህ? ወራጅ አለ ነው ያልኩህ!"

ልደት የአባቷን ክንድ ያዘች። "አባዬ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?"

"አላመመኝም። አውርዱኝ!"

ሾፌሩ በመስታወት አይቷቸው ጥግ ያዘ። ድልድዩ ከፊት ለፊት፣ መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። አቶ አምባዬ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሰው ሳይመስሉ የሁለት ሰው ጉልበት ተራምደው ወረዱ። ልደት ምን ታድርግ? ቦርሳዋን፣ የእሳቸውን ጋቢና የክትባት ካርዳቸውን አንጠልጥላ ተከተለቻቸው። ረዳቱ "ሂሳብ አይመለስም!" ብሎ በሩን ሳይዘጋ ሚኒባሱ ሄደ።

"እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ" አለች። ትምህርት ቤት ያስፈቀደችው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜዋን የሸፈነችላት ለሊሴ፣ የፊዚክስ አስተማሪዋ ጓደኛዋ፣ ልመናውን በምሳ ግብዣ ነው የተቀበለችው። "ምንድን ነው ነገሩ?"

አቶ አምባዬ ድልድዩን በከዘራቸው ጠቆሙት። "ወንዝ አልሻገርም።"

"ምን አሉ?"

"አርባ ቀን ወንዝ መሻገር የለብኝም። ትናንት መድኃኒት ጠጥቻለሁ።"

ልደት መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ማክሰኞ ነው የጀመረው። አባቷ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ባለቤት የሌለው ውሻ ባታቸውን ዘነጠላቸው። ያው ውሻ የጎረቤታቸውን የረቢያን ጊደር በአጥር ጥግ ነክሶ፣ ሰፈሩን አተራምሶ፣ በመጨረሻ ጎረምሶች በድንጋይ ጨረሱት። ጭንቅላቱ ለምርመራ እንደሚፈለግ ልደት እየሮጠች ደርሳ ስትናገር ሬሳው ጋዝ ተርከፍክፎበት እየነደደ ነበር። "ለጥንቃቄ ነው ቲቸር" አሏት። እንግዲህ ውሻው እብድ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ቁስሉን በሳሙና አጥባ በዚያው ቀን ጎባ ወስዳቸው የመጀመሪያውን መርፌ ተወጉ። ቀሪዎቹ አራት መርፌዎች፣ ዛሬ ዓርብ አንዱ፣ ከዚያ ሦስት ማክሰኞዎች፣ በካርዱ ላይ በቀን ተጽፈዋል። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎባ በክፍለ ሀገሩ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ማህተም ያረፈበት ወረቀት ከሰው በላይ ያከብራሉ። ስለዚህ ልደት ልቧን ጥላ ነበር።

"ማን ነው የወሰደዎት?"

"ረቢያ። ጊደሯን ይዛ ወደ መድኃኒተኛው ወደ ሂካ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። እሷም ጠጣች።"

"ረቢያ ጠጣች?"

"ጊደሯ!"

"በስመ አብ! ከጊደር ጋር ተሰልፈው ነው የጠጡት?"

"ተራ ነው፤ ቀድማኝ ደርሳ ነበር" አሉ አቶ አምባዬ፣ ቅር ሳይላቸው። "መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አባቱም ይሰጥ ነበር። ስትጠጪው ቡችሎቹ በሽንት ይወጣሉ።"

"የምን ቡችሎች?"

"የውሻው። መርዙ ውስጥሽ ገብቶ ቡችላ ይሆናል።"

"እና ወጡ?"

"ወጡ መሰለኝ።"

"አይተዋቸዋል?"

አቶ አምባዬ ወደ ማሳው ዞሩ። "መነጽሬን አላደረግኩም ነበር።"

ልደት ሳቋ መጣና በንዴት አፈነችው። አሥራ ሁለት ዓመት ቫይረስ በነርቭ ላይ ተስቦ እንዴት አንጎል እንደሚደርስ ያስተማረች ሴት፣ በገዛ አባቷ ፊት ስለ ቡችላ ልትከራከር ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ሁለት ብቻ ናቸው። በሽታው አንዴ ከተነሳ የሚመልሰው ሐኪም የለም፤ ይህንን ደግሞ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ተነስታ ከፊታቸው ቆመች።

"ይስሙኝ አባዬ። ይህ የወንዙ ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርዎት። ይህ በሽታ የተነሳበት ሰው ውሃ ያስፈራዋል። ጉሮሮው ይኮማተራል፤ ውሃ ሲያይ ያንዘፈዝፈዋል። እና በድሮ ጊዜ ሰው ተነከሰ፤ ከወራት በኋላ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ ውሃውን ሲያይ ተንዘፈዘፈ፤ ሞተ። ያየ ሁሉ ወንዝ ሊሻገር ሲል ሞተ አለ። የገደለው ግን ወንዙ አይደለም፤ በሽታው ቀድሞም ውስጡ ነበር። ምክንያቱንና ውጤቱን ገለበጡት። ገባዎት?"

አቶ አምባዬ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ገባኝ።"

"ተመስገን!"

"ውሃ ሲያይ ይነሳበታል ነው የምትይው።"

"አዎ... አይደለም! ማለቴ፣ በሽታው አስቀድሞ..."

"እኔስ ምን አልኩ? ውሃው ጋ አልደርስም ነው ያልኩት። ይኸው አንቺም በሳይንስ አረጋገጥሽው።"

"ኤጭ!" አለች ልደት፣ ካርዱን በጭኗ ላይ እየመታች። "ድልድይ ላይ እኮ ነው የምናልፈው! ጠብታ አይነካዎትም!"

"በላይም በታችም መሻገር መሻገር ነው።"

"በአውሮፕላንስ?"

"በአውሮፕላን ጎባ የሚሄድ ሰው አላየሁም።"

ስልኳን አውጥታ ጎባ ክትባት ክፍል ላለችው ነርስ ለኤልሮኢ ደወለች። ኤልሮኢ ማክሰኞ ዕለት አባቷን "አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጎበዝ አላየሁም" እያለች የወጋች ልጅ ናት።

"ዛሬ ነው ቀናቸው፤ አታዘግዪው" አለች ኤልሮኢ። "ምን ቸገራቸው?"

"ወንዝ አልሻገርም አሉ። መድኃኒቱን በፔርሙስ፣ በረዶ አድርጌበት ልውሰደው? ሮቤ የሚወጋ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ልደት፣ እርጎ አደረግሽው እንዴ? ታካሚው ይምጣ። ጎትተሽ አምጪያቸው።"

ልደት አባቷን አየቻቸው። ከዘራቸውን ተክለው፣ ጀርባቸውን ለድልድዩ ሰጥተው፣ ወደ ሮቤ የሚመለስ መኪና እየጠበቁ ነበር። እኚህን ሰው የሚጎትት ትራክተር አልተሠራም።

"እሺ" አለች ስልኩን እየዘጋች። "እንግዲያው ይህን ሂካን ያሳዩኝ።"

ከሮቤ በባጃጅ በሲናና በኩል እስኪወጡ ድረስ ልደት የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። አጭበርባሪ ብላ ልትጀምር፣ ፖሊስ ብላ ልትጨርስ። በሐሳቧ የሳለችው ሰውዬ ጥምጥምና ጨሌ ያለው፣ ጨለማ ቤት ውስጥ የተጎለተ ነው። ያገኘችው ግን ሰፊ ግቢ ውስጥ ኮምባይነር ሥር በጀርባው ተኝቶ ቡሎን የሚያጠብቅ፣ አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። ሂካ መካኒክ ነው። ለአጨዳ የሚወጡት ኮምባይነሮች ሲሰበሩ የሚጠግነው እሱ ነው። የውሻ መድኃኒቱ ከአባቱ የወረሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

"አካም ጂርቱ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣቸው፣ ከማሽኑ ሥር እየወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። አቶ አምባዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ነጋ፣ ኦቦ ሂካ። ልጄ ናት፤ ትንሽ ተናዳለች።"

"ትንሽ አይደለም" አለች ልደት። "አባቴን መርፌ እንዳይወጉ ከልክለዋቸዋል።"

"እኔ? መርፌ አትወጉ የሚል ቃል ካፌ አልወጣም። ወንዝ አይሻገሩ ነው ያልኳቸው።"

"ጎባ ከወንዝ ማዶ ነው!"

"ጎባን እዚያ የቆረቆርኩት እኔ አይደለሁም እኮ፣ እህቴ።"

ልደት በትልቁ ተነፈሰች። "እርስዎ የማሽን ሰው ነዎት። ይህ ኮምባይነር ሲቆም ወንዝ ስለተሻገረ ነው ይላሉ?"

"ማሽንማ ከፍቼ አየዋለሁ" አለ ሂካ። "ሰውን መክፈት አልችልም።"

"ከተነከሱ አሥር ሰዎች ምንም ባይሰጧቸው ብዙዎቹ ይድናሉ። ውሻው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ እብድም ቢሆን የነከሰው ሁሉ አይያዝም። እርስዎ በራሳቸው የሚድኑትን ነው አዳንኩ የሚሉት!"

"ልክ ነሽ። አባቴም ይህንኑ ይል ነበር።"

ልደት ለዚህ አልተዘጋጀችም። "እ?"

"ብዙው በራሱ ይድናል ይል ነበር። የትኛው እንደሚድን ግን ሳይነግረኝ ሞተ። አንቺ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም፤ ማንም አያውቅም።"

"ስለዚህ ለሁሉም እሰጣለሁ። መርፌውስ ለሁሉም አይደል የሚሰጠው?"

"መርፌው ተፈትኗል! በሺህ ሰው፣ በሚሊዮን ሰው!"

"ደግ፤ ይወጉዋ! እኔ ምን ከፋኝ?"

አቶ አምባዬ በሁለቱ መሃል ቆመው የኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ያያሉ። ልደት ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ሰውዬው ቢዋሽ፣ ቢቆጣ፣ ብር ቢጠይቅ ምን ነበረበት! ከዚህ በላይ ለመከራከር ጊዜ የላትም፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

"እሺ ኦቦ ሂካ፣ እርስዎ የከለከሉትን እርስዎ ይፍቱት። ይሻገሩ ይበሏቸው፤ እሄዳለሁ።"

"እኔ መፍታት አልችልም። ግን መሸከም አለ።"

"የምን መሸከም?"

"የሥጋ ልጅ ይሸከምላቸዋል። እሳቸው ይሻገራሉ፤ በእሳቸው ፋንታ አንቺ አርባ ቀን ወንዝ አትሻገሪም።"

"ይህን አሁን ነው የፈጠሩት?"

"አባቴ ነው ያወጣው። ገበያው ከወንዝ ማዶ የሆነ ሰው ምን ይሁን? አባቴ ሞኝ አልነበረም።"

"እኔ ብሻገርስ?"

"ወደ ባለቤቱ ይመለሳል" አለ ሂካ፤ ቡሎን ላልቷል እንደሚል ሰው ተረጋግቶ።

አቶ አምባዬ ልጃቸውን አዩዋት። አሁን ፊታቸው ላይ ያ ግትርነት አልነበረም። ፈርተዋል። ልደት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እንደፈሩ፣ የፈሩት ደግሞ መርፌውን ሳይሆን ያንን የመንዘፍዘፍ ሞት እንደሆነ። መዝገብ ቤት ሳሉ አንድ ተላላኪ በዚሁ በሽታ ሲሞት አይተዋል፤ ልጅ ሆና ነግረዋት ነበር።

"እሸከማለሁ" አለች። "ምን ላድርግ?"

ሂካ ከግቢው ጥግ አንድ ዘንግ ሰርዶ ነቀለ። ጫፉን ለአባትየው፣ ሥሩን ለልጅየዋ አስያዘና መሃሉን በሴንጢ ቆረጠው። እጁ ግራሶ የነካው ነበርና ሰርዶው ጠቆረ። "አርባ ቀን ወንዝ አልሻገርም በዪ።" ልደት አለች። ክፍያ ስትጠይቅ ሂካ ራሱን ነቀነቀ። አርባው ቀን ሞልቶ አባትየው በጤና ከቆዩ አንድ ቁና ገብስ ያመጣሉ፤ ካልቆዩ ምንም። ከዚያ ተመልሶ ኮምባይነሩ ሥር ገባ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው፤ ልደት በባጃጅ ስትመለስ ያንን የሰርዶ ሥር በቦርሳዋ፣ በመማሪያ መጽሐፏ ውስጥ ይዛ ነበር። ለምን እንዳልጣለችው እሷም አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ አቶ አምባዬ በረቢያ አጃቢነት ጎባ ሄደው ሁለተኛውን መርፌ ተወጉ። "ድልድዩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ወላሂ" አለች ረቢያ ስትመለስ። አባቷ ግን ቅሬታቸው ሌላ ነው። "ማህተሙ አልደመቀም" አሉ ካርዱን በመስኮት ብርሃን እያዩ። "ማክሰኞ በቀለም እንድታደምቀው እነግራታለሁ።"

ልደት ነገሩን ለራሷ እንዲህ ብላ ዘጋችው፦ ይህ እምነት አይደለም፣ ውል ነው። እሷ አትሻገርም፤ አባቷ ይወጋሉ። በመሃል ጎባ የመምህራን ስብሰባ መጣ፤ አመመኝ አለች። የአጎቷ ልጅ ጎባ ክርስትና ደገሰች፤ ፈተና አርማለሁ አለች። ተደብቃ መሻገር ትችል ነበር፤ ነገር ግን ጎባ ላይ የድሮ መዝገብ ቤት ጓደኛ የሌለበት የመንገድ ጥግ የለም፣ አንዱ አይቷት ለአባቷ ቢነግር ቀሪው መርፌ ቀረ ማለት ነው። ይህ ምክንያት ነው። ሳይንሳዊ ባይሆንም ጤነኛ ምክንያት ነው።

ለሊሴ ግን አልማረቻትም። "የባዮሎጂ መምህርት ሆይ" ትላታለች በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዛ፣ "ዝናብ ዘንቦ ደጃፋችሁ ያለው ቦይ ሲሞላስ? ትዘዪዋለሽ ወይስ እንደ ወንዝ ይቆጠራል?"

"ለሊሴ፣ በፈጠረሽ።"

"ለሂካ ልደውልልሽ?"

"ደውዪለት! ያንቺንም ምላስ ይፍታው!"

ከንክሻው በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የረቢያ ጊደር እያጓራች አጥር ሰበረች። ምራቋ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል፤ የኋላ እግሯ ይተሳሰራል። ልደት በሩጫ ወጥታ ሰው ሁሉ እንዳይጠጋ ጮኸች፤ የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ ጊደሯን ካየ በኋላ አስወግዷት በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረች። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ "የውሻው ነው፤ አያጠራጥርም" አላት። ውሻው እንግዲህ እብድ ነበር። ልደት ይህን ስትሰማ የረቢያን አጥር ያዘች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ሳታውቀው፣ ምናልባት ጤነኛ ውሻ ይሆናል በምትል ተስፋ ነበር የምታድረው።

ረቢያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች "ጥፋቱ የእኛ ነው" አለች። "ኦቦ ሂካ አትሻገር ብሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከብቱ ሁሉ ለግጦሽ ወንዝ ማዶ ሲነዳ አብራ ተሻገረች። አላህ የጻፈው ነው፤ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።"

"ረቢያ፣ ባትሻገርም ትሞት ነበር!"

"በምን አወቅሽ?" አለች ረቢያ። ለክርክር አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ማታ አቶ አምባዬ እራታቸውን አቁመው ብዙ አሰቡ። ከዚያ የክትባት ካርዱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ልደት፣ ይህን ነገር መዘንኩት። ጊደሯም እኔም አንድ ቀን፣ በአንድ ውሻ ተነከስን። ጊደሯም እኔም አንድ መድኃኒት ጠጣን። እሷ ሞተች፤ እኔ አለሁ። ልዩነታችን ምንድን ነው? መርፌው ነው! የሂካ ነገር ባዶ ነው። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

በሕይወቷ ሙሉ ልክ ነበርሽ ብለዋት አያውቁም። እልል ማለት ነበረባት። ግን የገዛ ሙያዋ ወጋት። በየዓመቱ መስከረም ላይ በጥቁር ሰሌዳ በትልቁ የምትጽፈው ነገር አለ፦ በአንድ ሙከራ ውስጥ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተለወጠ፣ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ጊደሯ መርፌ አልተወጋችም። ደግሞም ወንዝ ተሻግራለች። አባቷ ተወግተዋል። የወንዙን ክልክል ደግሞ እሷ ተሸክማላቸዋለች። ተማሪ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢያመጣላት በቀይ ትሰርዘው ነበር። በሺህ በሚሊዮን ሰው የተፈተነውን ክትባት ትታ በአንዲት ጊደር መጨነቋ ደግሞ ይበልጥ አበሸቃት።

"ምነው? ደስ አላለሽም?" አሉ አባቷ።

"ደስ ብሎኛል አባዬ። ይብሉ፤ ይቀዘቅዛል።"

ማክሰኞ የመጨረሻውን መርፌ ተወግተው መጡ፤ በካርዱ ላይ አምስት ማህተም፣ አምስቱም ደማቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ካርዱን በፕላስቲክ አሸጉትና ከጡረታ ደብተራቸው ጋር አስቀመጡት። ሰፈር ውስጥ የተነከሰ ሰው ሲያገኙም እያሳዩ ይሰብኩ ጀመር። ሂካን መጀመሪያ አጥብቀው ነቀፉት፤ ኋላም ጭራሹን ረሱት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጎባ ላይ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ቀን ነበር። የልደት ክበብ ሦስት ወር የደከመበት ሥራ አለው፤ ርዕሱን ራሷ ናት ያወጣችው፦ "ልማዳዊ እምነቶች በሳይንስ ዓይን።" ጠዋት ስትወጣ አባቷ በር ድረስ ሸኟት።

"ልትሄጂ ነው?"

"ገና አሥራ አንድ ቀን አለኝ፤ ቢሆንም..."

"የምን አሥራ አንድ ቀን! እኔ ጨርሻለሁ። ተሻገሪ ልጄ፣ አንቺን ያስቸገርኩት ይበቃል። ኤልሮኢን ስታገኚያት ሰላም በዪልኝ።"

ኮንትራት ሚኒባሱ ውስጥ ተማሪዎቹ ይዘፍናሉ፤ ለሊሴ ከፊት ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ልደት ከበሩ አጠገብ ናት፤ የተጠቀለለው ፖስተር በጭኗ ላይ ነው። የስንዴው ማሳ ታጭዷል፤ ገለባው ላይ አንድ ኮምባይነር ይሄዳል። ያንን ኮምባይነር ስታይ ፖስተሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ምን ነካኝ? አለች በልቧ። የክልክሉ ባለቤት አባቷ ራሳቸው ተሻገሪ ብለዋታል። የሚያያት የለም፤ ቢያያትም የሚከፋው የለም። ውሉ አልቋል፤ መርፌው አልቋል። ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ያድናል፤ ከመቶ መቶ ሊባል ምንም አይቀረው። እንዲህ ብላ ነው የምታስተምረው፦ ሊባል ምንም አይቀረው። ቫይረሱ ደግሞ ወራት ሊተኛ ይችላል፤ አንዳንዴ ዓመት። በመጪው ክረምት አንድ ጠዋት አባቷ ውሃ ቀድታ ስታቀርብላቸው ብርጭቆውን ቢሸሹትስ? ሐኪሙ አልፎ አልፎ ያጋጥማል ይላታል። እሷ ግን ስለ ነርቭና ስለ ቫይረስ አታስብም። የምታስበው ይህችን ቅዳሜ ነው። ይህን ድልድይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ። የተማረችው ሁሉ ያቺን ትንሽ ቀዳዳ ሊደፍንላት አልቻለም፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ደግሞ ያ ሰውዬ በግራሶ እጁ ተረጋግቶ ተቀምጧል።

ድልድዩ ታየ።

ዝም በዪ፣ አለች ለራሷ። አሥራ ሁለት ዓመት አስተምረሻል። አፍሪ እንጂ!

"ወራጅ አለ!"

ዘፈኑ ቆመ። ሾፌሩ በመስታወት አያት። ለሊሴ ዞረች፤ ቀልድ መስሏት ፊቷ ለሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ጎባ አልደረስንም እኮ፣ ልደት።"

"አውቃለሁ። አቁምልኝ።"

"አመመሽ?"

"አላመመኝም" አለች ልደት። ፖስተሩን ለሊሴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። "አንቺ አቅርቢው።"

ለሊሴ ፖስተሩን፣ ከዚያ ድልድዩን፣ ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየች። ቀልድ አልመጣላትም። "እሺ፤ ስለ ወንዙ ጥያቄ ቢጠይቁኝስ? ያንቺን ክፍል?"

"እንደተጻፈው መልሺ። የተጻፈው በሙሉ ልክ ነው።"

ወረደች። ሚኒባሱ ድልድዩን አልፎ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ተናዳለች፤ በሂካ፣ በአባቷ፣ በጊደሯ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ፣ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ተናዳለች። "ኤዲያ!" አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት አልነበረም። ከዚያ በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ። ወደ ሌላው የመንገዱ ጠርዝ ተሻግራ ወደ ሮቤ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመረች።